ጥያቄ አለኝ፦ ስልክ ላይ የሚሽከረከረው ባለ 600 ጫፍ ኮከብ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዛ ደግሞ ትንሽ ቀናሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ሁሉ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንደዚህ አድርጎ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ሌሎቹንም ከሱ ጋር የሚሄዱትን ለቃቅሜ አስቀምጫቸዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ በኛ ስቆጥር እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እኔ አናጺ ነኝ፣ አልጋና ቁም ሳጥን ነው የምሠራው። የመጨረሻው ልጄ ስልኩ ላይ የሆነ የሚሽከረከር ነገር አሳየኝ፣ እሾህ በእሾህ የሆነ፣ ጃርት በለው፣ ሲዞር ውስጡ ወደ ውጭ ይወጣል ውጩ ወደ ውስጥ ይገባል። «አባዬ ይሄ አራት ዳይሜንሽን ነው፣ አንተ ልትሠራው አትችልም» አለኝ። ስሙን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፣ ግሬት ግራንድ ስቴሌትድ 120 ሴል ይላል። እኔ ደግሞ አትችልም ስባል አልወድም። ነገሩ ምንድነው? ከኮምፔንሳቶ ይሠራል ወይስ አይሠራም? (አናጺው፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ግማሹን ልክ ነው። ሙሉውን አይሠሩትም፣ እኔም አልሠራውም፣ ማንም አልሠራውም። ግን የተገነባበትን ጡብ (ስሙ ላይ ሴል ያለው እሱ ነው) አንዱን እርስዎ ወርክሾፕ ውስጥ መሥራት ይቻላል፣ ልኩን እሰጥዎታለሁ፣ ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ።

መጀመሪያ ይሄን አራት ዳይሜንሽን የሚሉትን ከሰማይ እናውርደው። ስኳድራዎን ይዘው የክፍልዎ ጥግ ጋ ይሂዱ። ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሦስት መስመር አለ፣ ሦስቱም እርስ በርሳቸው 90 ዲግሪ ናቸው። አሁን ለሦስቱም 90 ዲግሪ የሆነ አራተኛ መስመር ያስምሩ ብልዎት የት ያሰምሩታል? ክፍሉ ውስጥ ቦታ የለውም። ቁጥር ላይ ግን አለው። አንድ ሚስማር የት እንዳለ ለመናገር ሦስት ቁጥር ይበቃዎታል፣ ከዚህ ግድግዳ ይሄን ያህል፣ ከዛኛው ይሄን ያህል፣ ከወለሉ ይሄን ያህል፣ እኛ ደግሞ አራተኛ ቁጥር እንጨምርና ርቀት ስንለካ ያው ፓይታጎራስ ላይ አንድ ስኩዌር መደመር ነው በቃ። ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ ከጥግ ጥግ ሲለኩት 1.41 ሜትር ይመጣል። ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ኪዩብ ደግሞ 1.73። የአራት ዳይሜንሽኑ ኪዩብ፣ ቴሰራክት ይሉታል፣ ልክ 2 ሜትር ነው፣ አንድ ሚሊ አይበልጥ አንድ ሚሊ አያንስ። ማንም ነክቶት የማያውቀው ሳጥን ከምንነካው ሳጥን ይልቅ ልኩ የተስተካከለ መሆኑ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

እና ስልኩ ላይ ያዩት ምንድነው ካሉኝ ጥላ ነው። እንዲያውም የጥላ ጥላ፣ ከአራት ወደ ሦስት ወርዶ ከዛ ደግሞ ጠፍጣፋው ስክሪን ላይ የተኛ። ወንበር ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ግድግዳው ላይ ያረፈውን ጥላ ይዩ፣ የፊት እግርና የኋላ እግር ተቆራርጠው ይታያሉ፣ ወንበሩ ላይ ግን እግሮቹ ተነካክተው አያውቁም። ወንበሩን ዞር ሲያደርጉት አንዱ እግር በሌላው ውስጥ ሰንጥቆ የሚያልፍ ይመስላል። ውስጡ ወጣ ውጩ ገባ ያሉኝ እሱ ነው፣ ምንም የተገለበጠ ነገር የለም፣ ዝም ብሎ እየዞረ ነው።

አሁን ወደ እሾሁ። ሰንደቅ ዓላማችን መሃል ሰማያዊው ክብ ላይ ያለውን ቢጫ ኮከብ፣ በኛ 1988 ዓ.ም የገባውን፣ ያስታውሱልኝ፣ ፖለቲካውን ተዉትና መስመሩን ብቻ ይዩ። እንዲህ ያለውን ኮከብ እስክሪብቶ ሳያነሱ በአምስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይሥሉታል። ስንት ጫፍ አለው? ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ግማሹ አምስት ግማሹ አሥር ይለኛል፣ አሥር የሚሉት መሃል ላይ መስመሮቹ የሚቆራረጡባቸውን አምስት ነጥቦች ጨምረው ነው። መልሱ አምስት ነው። እስክሪብቶው የሚታጠፈው አምስት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላው ቦታ ላይ መስመር መስመርን አቋርጦ ሄደ እንጂ አልታጠፈም፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ያለፈ መኪና ታጠፈ አይባልም አይደል።

ስስ ላስቲክ ቢወጥሩበት ላስቲኩ የትም ቦታ አየር ላይ የማይቀርበት ቅርጽ ኮንቬክስ ይባላል፣ እንደ እንቁላል እንደ ሳጥን ያለው። ኮከባችን ላይ ግን ላስቲኩ ከጫፍ ወደ ጫፍ ተወጥሮ መሃሉ ባዶ ይቀራል፣ ስለዚህ ኮንቬክስ አይደለም። የልጅዎ ጃርትም ከዚሁ ወገን ነው።

አሁን 12 እንደዚህ ዓይነት ኮከቦች ይውሰዱና እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ሦስት ሦስት እያገናኙ ያያይዟቸው፣ አንዱ ኮከብ በሌላው ውስጥ ሰንጥቆ እንዲያልፍ ፈቅደው ማለት ነው። 20 ጫፍ ያለው እሾሃም ነገር ይወጣል፣ ግሬት ስቴሌትድ ዶዴካሄድሮን ይባላል። ዮሐንስ ኬፕለር፣ ያ የፕላኔቶቹ ሰውዬ፣ በ1619 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ገልጾታል። ጡቡ ያልኩዎት እሱ ነው።

የልጅዎ ነገር እንግዲህ ከዚህ ጡብ 120 ነው። ሙሉ ስሙን መጥራት ስለሚያደክም የዚህ ቅርጽ አፍቃሪዎች በአጭሩ ጎጊሺ ይሉታል፣ የሰፈር ልጅ ስም ይመስላል፣ እኔም ጎጊሺ ልበለው። ሒሳቡ የአናጺ ሒሳብ ነው፣ አብረን እንሥራው። እያንዳንዱ ጡብ 12 ኮከብ አለው፣ 120 በ12 ሲባዛ 1,440፣ ግን ኮንዶሚኒየም ላይ የመሃል ግድግዳ የሁለት ጎረቤት እንደሆነው እዚህም እያንዳንዱ ኮከብ የሁለት ጡብ የጋራ ነው፣ ስለዚህ 720 ኮከብ። እያንዳንዱ ጡብ 20 ጫፍ አለው፣ ድምሩ 2,400፣ ግን አንድ ጫፍ ላይ አራት ጡብ ስለሚገናኝ 600 ጫፍ። ከአንድ ጫፍ አራት ጠርዝ ይወጣል፣ 2,400፣ አንድ ጠርዝ ደግሞ ሁለት ጫፍ ስላለው 1,200 ጠርዝ። በቃ ይሄው ነው ጎጊሺ፣ 600 ጫፍ፣ 1,200 ጠርዝ፣ 720 ኮከብ፣ 120 ጡብ። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የፈለገው።

ላስቲኩን ጎጊሺ ላይ ብንወጥረውስ? የሚወጣው 120 ሴል የሚባለው ኮንቬክሱ ቅርጽ ነው፣ በ120 ዶዴካሄድሮን (12 አምስት ማዕዘን ገጽ ያለው ቅርጽ) የተዘጋ፣ 600 ጫፉ በትክክል የጎጊሺ 600 ጫፍ ያለበት ቦታ። የኮከቡን አምስት ጫፎች በላስቲክ ብንከብባቸው እኩል ጎን ያለው አምስት ማዕዘን እንደሚወጣው ማለት ነው። መሃል ላይም ሌላ ትንሽ 120 ሴል አለ፣ የሱን ግድግዳዎች ወደ ውጭ እያስረዘሙ እያስረዘሙ ሲሄዱ በየመንገዱ ሌሎች ኮከቦች ይወጣሉ፣ የመጨረሻው ጎጊሺ ነው፣ ከሱ በኋላ የሚዘጋ ነገር የለም።

ውስጡ ምን ያህል እንደተጠቀጠቀ ለማወቅ ደግሞ የመርፌ ዘዴ አለ። ከመሃል ወደ ውጭ መርፌ ቢሰዱ ስንት ግድግዳ ይወጋል? የኮከቡ 2 ነው። የጡቡ 7፣ መርፌው በኮከብ ሆድ በኩል ሲያልፍ ሆዱ ሁለቴ ስለተከበበ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። የጎጊሺ 191።

ስለዚህ ጋሼ ስልኩ ላይ ሁለት ዓይነት የውሸት ጫፍ ነው ያለው። አንዱ የጥላው ነው፣ እንደ ወንበሩ እግር፣ እዛ ቦታ ላይ የተነካካ ነገር ጭራሽ የለም። ሁለተኛው የኮከቡ ነው፣ በእርግጥ ይቆራረጣሉ ግን ማንም አይታጠፍም። ሁለቱን ሲቀንሱ ያ ሁሉ ጫካ 600 ነጥብ ብቻ ይሆናል።

ልኩ ይኸውልዎ። ግርጌው 5 ሳንቲሜትር፣ ሁለቱ ጎኖቹ 8.1 ሳንቲሜትር የሆኑ ሦስት ማዕዘኖች 60 ይቁረጡ፣ ራስጌው ላይ 36 ዲግሪ፣ ግርጌው ላይ 72 እና 72 ይመጣልዎታል። በኮምፔንሳቶ ከሆነ ጠርዙን ሁሉ ሰያፍ መላግ አለብዎት፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ በወፍራም ካርቶን ነበር የምሞክረው። ሦስት ሦስቱን በረጅም ጎናቸው በኮላ ሲያጣብቁ 20 ሾጣጣ ይወጣል። ሾጣጣዎቹን እርስ በርስ ለማያያዝ እንዳይሞክሩ፣ እኛ ከተማሪዎች ጋር በብስኩት ካርቶን እንደዛ ስናደርግ ኮላው ሳይደርቅ ግማሹ ወደ ውስጥ ሰምጦ ቡሃቃ ሆነብን። መጀመሪያ ጎናቸው 5 ሳንቲሜትር የሆኑ 20 እኩል ሦስት ማዕዘኖች፣ አምስት አምስት አንድ ነጥብ ላይ እያገናኙ፣ ድቡልቡል ያለ ኳስ ነገር ይሥሩ፣ ኢኮሳሄድሮን ነው ስሙ፣ ይደር ይድረቅ፣ ጠዋት ሾጣጣዎቹን አንድ በአንድ ገጾቹ ላይ ይለጥፉ። ሲያልቅ ከጫፍ ወደ ትይዩው ጫፍ ወደ 23 ሳንቲሜትር ይጠጋል።

ከዛ ልጅዎን ጠርተው ቀጭን ክር ይያዙ። ከአንድ ጫፍ ይጀምሩ፣ ክሩ በሾጣጣው ጀርባ 8.1 ይወርዳል፣ ታች ሸለቆው ውስጥ 5 ይሄዳል፣ የሌላውን ሾጣጣ ጀርባ 8.1 ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ይቆማል። ወረደ ወጣ ይመስላል እንጂ ክሩ ፍጹም ቀጥ ያለ ነው፣ 21.2 ሳንቲሜትር፣ በስኳድራ ይፈትሹት። አንድ ጠርዝ ማለት እሱ ነው፣ እንደሱ ያለ 30 አለ። ልጅዎ በአይኑ ቢቆጥር 90 ነው የሚልዎት።

ጥያቄ፦ መምህር እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ክለባችን ውስጥ ስሞል ስቴሌትድ ዶዴካሄድሮን በካርቶን ሠርተን ነበር፣ ያ 12 ሾጣጣ ያለውን። የኦይለር ቀመር ጫፍ ሲቀነስ ጠርዝ ሲደመር ገጽ 2 ይመጣል ይላል። እኔ ስቆጥር 12 ጫፍ 30 ጠርዝ 12 ገጽ ሆኖ ኔጌቲቭ 6 መጣብኝ፣ አስተማሪያችን «በደንብ ቁጠሪ» አለኝ፣ ልጆቹም ሳቁብኝ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የትም አልተሳሳትሽም። የሳቁትን ልጆች ይሄን ገጽ አሳዪያቸው።

የገረመኝ ነገር ያንቺም ሞዴል ላይ ያው ከላይ ለጋሼ የሰጠኋቸው 60 ሦስት ማዕዘኖች ናቸው ያሉት፣ ልኩ ሳይቀየር። ሦስት ሦስቱን ስትሰበስቢ 20 ሾጣጣ፣ አምስት አምስቱን ስትሰበስቢ ያንቺ 12። ልዩነቱ ቆጠራው ላይ ነው የሚመጣው። አስተማሪሽ እንዳየው፣ ካርቶኑን ብቻ ካየሽ፣ ሾጣጣ ጫፉ 12 ሸለቆ ውስጥ ያለው 20፣ ድምር 32 ነጥብ፣ ጠርዙ 90፣ ሦስት ማዕዘኑ 60። 32 ሲቀነስ 90 ሲደመር 60 ይሄው 2 መጣ። የጋሼንም እንደዛ ብትቆጥሪው 2 ነው፣ የካርቶን ልባስ ያው የኳስ ልባስ ነውና ሁሌም 2 ይላል። አንቺ ግን እንደ ደንቡ ቆጠርሽ፣ ገጽ ማለት ሙሉው ኮከብ ነው፣ ጫፍ ማለት መስመሩ የሚታጠፍበት ነው አልሽ፣ 12 ሲቀነስ 30 ሲደመር 12። ኔጌቲቭ 6። የጋሼ ጡብ በደንቡ ሲቆጠር 20 ሲቀነስ 30 ሲደመር 12 ሆኖ 2 ይመጣል፣ ያንቺ ግን አይመጣም፣ ምክንያቱም ያንቺ ኮከቦች የተገጣጠሙበት መንገድ ሲዘረጋ እንደ ኳስ ሳይሆን አራት እጀታ እንዳለው ስኒ ነው። እያንዳንዱ እጀታ 2 ይቀንሳል፣ ከ2 ላይ አራት ጊዜ 2 ሲቀነስ ያንቺው ቁጥር።

አሁን ደግሞ አስተማሪሽን እንዳትቀየሚው የሚያደርግ ታሪክ ልንገርሽ። ሉድቪግ ሽሌፍሊ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነበር፣ 1814 የተወለደ፣ ቱን የምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ያስተማረ፣ በኋላ በርን ዩኒቨርሲቲ የገባ። ከ1850 እስከ 1852 ቁጭ ብሎ ስለ አራትና ከዛ በላይ ዳይሜንሽን አንድ ትልቅ ሥራ ጻፈ። ለቪየና አካዳሚ ላከው፣ በዛ ብለው መለሱለት፣ በርሊን ላከው እዛም እንደዛው። ሙሉው የታተመው 1901 ነው፣ ሰውየው ከሞተ ስድስት ዓመት በኋላ። እዛ ውስጥ በአራት ዳይሜንሽን ስድስት ፍጹም እኩል የሆኑ ኮንቬክስ ቅርጾች እንዳሉ አሳይቷል፣ የኛው 120 ሴልም አንዱ ነው።

ኮከቦቹ ጋ ሲደርስ ግን ያንቺን ኔጌቲቭ 6 አልቀበልም አለ። ቀመሩ 2 ካልሰጠ ቅርጹ ቅርጽ አይደለም ብሎ ያንቺን ሞዴልና ጓደኛውን ግሬት ዶዴካሄድሮንን ጣላቸው፣ እነሱ ጡብ የሆኑባቸውን ወይም ጫፍ ላይ የሚገኙባቸውን የአራት ዳይሜንሽን ቅርጾች በሙሉ አብሮ ጣለ። አራት ብቻ ቀሩለት፣ ጎጊሺ ከአራቱ አንዱ ነው። ኤድሙንድ ሄስ የሚባል ጀርመናዊ በ1883 መጽሐፉ ላይ ስድስቱን መለሳቸውና ዝርዝሩ አሥር ሆኖ ተዘጋ። እንግዲህ አራት ዳይሜንሽንን የከፈተ ሰው በኔጌቲቭ 6 ምክንያት ከአሥሩ ስድስቱን ካጣ ያንቺ አስተማሪ በደንብ ቁጠሪ ማለቱ ብዙም አያስወቅሰውም፣ ሳቁ ነው ያናደደኝ።

ለክለባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። አራት ዳይሜንሽን ላይ ቀመሩ ጫፍ ሲቀነስ ጠርዝ ሲደመር ገጽ ሲቀነስ ጡብ ይሆናል፣ ኮንቬክስ ከሆነ መልሱ 0 ነው። ጎጊሺ ላይ ሞክሪው፣ 600 ሲቀነስ 1,200 ሲደመር 720 ሲቀነስ 120። ዜሮ። ከአሥሩ ውስጥ ስሞል ስቴሌትድ 120 ሴል የሚባለው ግን 120 ጫፍ 1,200 ጠርዝ 720 ኮከብ 120 ጡብ አለው፣ ጡቡ ደግሞ ያንቺው ሞዴል ነው፣ ደምረሽ ቀንሰሽ ምን እንደሚመጣ ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ ጻፊላቸው፣ አሁን ይሳቁ።

ጥያቄ፦ አራተኛው ዳይሜንሽን ጊዜ ነው ሲባል ነው የሰማሁት፣ እናንተ ቅርጽ ታደርጉታላችሁ። ማን ነው የሚዋሸው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ማንም። ሚንኮቭስኪ የሚባል የሒሳብ ሰው በ1908 ጊዜን ከሦስቱ ጋር አንድ ላይ ሰፋው፣ ግን እዛ ላይ ርቀት ሲለካ የጊዜው ስኩዌር ምልክቱ ከሌሎቹ ተቃራኒ ነው። እኛ ጋ አራቱም እኩል ናቸው፣ አራተኛውን አዙሮ በአንደኛው ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ጎጊሺ ስልኩ ላይ የሚያደርገው እሱኑ ነው። ጊዜን ግን አዙረው ርዝመት ማድረግ አይችሉም፣ ቢቻል ኖሮ የቤት ኪራይ በሜትር እንከፍል ነበር።

ጥያቄ፦ ዩኒፎርም ፖሊቶፕ የሚል ነገር አነበብኩ። ዩኒፎርም ማለት ያው የተማሪ ዩኒፎርም ነው እንዴ? ከረጉላር በምን ይለያል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ቀልድህን ነው አይደል፣ ግን ልክ ነህ፣ እሱው ነው። ፖሊቶፕ ማለት እነዚህ በጠፍጣፋ ገጽ የተዘጉ ቅርጾች ናቸው፣ ዳይሜንሽኑ ስንትም ይሁን። ኳስ እይ፣ ጥቁርና ነጩን የድሮውን። 12 አምስት ማዕዘን 20 ስድስት ማዕዘን አለው፣ ረጉላር ማለት ጫፉም ጠርዙም ገጹም ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ነው፣ የኳሱ ገጾች ሁለት ዓይነት ስለሆኑ ረጉላር አይባልም። ግን 60 ጫፎቹ አንዱ ላይ ቆመህ ዙሪያህን ብታይ አንድ አምስት ማዕዘንና ሁለት ስድስት ማዕዘን ነው የምታየው፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ብትሄድም ያው፣ የትኛው ጫፍ ላይ እንዳለህ ማወቅ አትችልም። ሁሉም ጫፍ አንድ ዓይነት ለብሷል፣ ገጾቹም እያንዳንዳቸው ረጉላር ናቸው፣ ይሄ ዩኒፎርም ነው። አራት ዳይሜንሽን ላይ ደግሞ ጡቦቹ ራሳቸው ዩኒፎርም መሆን አለባቸው። ረጉላር የሆነ ሁሉ ዩኒፎርም ነው፣ ጎጊሺም ነው፣ ሁሉም ዩኒፎርም ግን ረጉላር አይደለም።

ዝርዝሩ ጋ ስንመጣ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ሦስት ዳይሜንሽን ላይ ማለቂያ የሌላቸውን የፕሪዝም ዓይነቶች ትተን ኮከቦቹን ጨምሮ 75 ነው፣ ኮክሰተር የሚባል የሒሳብ ሰውና ሁለት ባልደረቦቹ በ1954 ዘረዘሩት፣ ሌላ የለም የሚለው ማረጋገጫ በ1970ዎቹ ነው የመጣው። አራት ዳይሜንሽን ላይ ኮንቬክሶቹን ኮንዌይና ጋይ የሚባሉ የሒሳብ ሰዎች በ1965 በኮምፒውተር ታግዘው አወጧቸው፣ ማለቂያ የሌላቸውን ትተን 64፣ ዝርዝሩ ሙሉ መሆኑን ማርኮ ሞለር የሚባል ሰው በ2004 በዶክትሬት ሥራው አረጋገጠ። ከ64ቱ ውስጥ ኮንዌይና ጋይ ያገኙት ግራንድ አንቲፕሪዝም የሚባል አለ፣ 100 ጫፍ 320 ጡብ፣ እንደሌሎቹ ከአንዱ ረጉላር ቅርጽ በለመዱት መንገድ የሚወጣ አይደለም፣ የቤተሰቡን ፎቶ ስታይ ማንን እንደሚመስል የማታውቀው ልጅ ዓይነት።

ኮንቬክስ ያልሆኑት ዩኒፎርሞች ግን ገና አልተዘጉም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጆናታን ባወርስ የሚባል አሜሪካዊ እያሳደደ አብዛኞቹን አገኘ፣ እነ ጎጊሺ ዓይነት አጫጭር ስሞችንም ያወጣው እሱ ነው፣ ከሱ በኋላ ሌሎችም ጨመሩና አሁን የሚታወቁት ከ2,000 በላይ ናቸው። ሌላ የለም ብሎ ያረጋገጠ የለም። እንግዲህ አስበው፣ ሕጉን በሁለት መስመር የሚጽፉት ጨዋታ፣ ቆጠራው አላለቀም።

ሌላ የሚገርም ነገር፣ ዳይሜንሽኑ ሲጨምር ረጉላር ቅርጽ የሚበዛ ይመስልሃል አይደል። ሦስት ላይ 5 ኮንቬክስና 4 ኮከብ አለ፣ አራት ላይ 6 እና 10። አምስት ላይ ስትገባ 3 ኮንቬክስ ብቻ፣ ኮከብ ዜሮ። ከዛ በላይም እስከፈለግክበት ብትሄድ ያው 3 እና ዜሮ። አምስት ማዕዘኑ ከአራት ዳይሜንሽን በላይ የሚገጥምበት ቦታ ያጣል፣ እሱ ከሌለ ደግሞ ኮከቡም የለም። ጎጊሺና ዘጠኙ ወንድሞቹ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እኔ ሻርጃ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ትምህርቴን ከ10ኛ ነው ያቋረጥኩት። ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ ስልኬ ላይ የጂኦሜትሪ ቪዲዮ ነው የማየው፣ ጓደኞቼ ምን ይረባሻል ይሉኛል። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰው ይሄን ነገር ከማየት አልፎ የሆነ ነገር መሥራት ይችላል ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺን የምታስታውሰኝ አንዲት ሴት አለች፣ አሊሺያ ቡል ስቶት ትባላለች። በ1860 አየርላንድ ኮርክ ውስጥ ተወለደች፣ አባቷ ጆርጅ ቡል ነው፣ አዎ የቡሊያን ሎጂኩ፣ ግን እሷ አራት ዓመት ሲሆናት ሞተባት፣ ሴት ልጆቹ ያደጉት በእጥረት ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። የእህቷ ባል የሆነው ሂንተን (ቴሰራክት የሚለውን ስም ያወጣው ሰው) ትንንሽ የእንጨት ኪዩቦች ይዞ እቤት ይመጣ ነበር፣ ልጆቹ በኪዩቦቹ አራተኛውን አቅጣጫ እንዲያስቡ እያደረገ፣ እሷ ላይ ያዘ። በኋላ ጸሐፊ ሆና ሠራች፣ አገባች፣ ሁለት ልጅ ወለደች፣ በዛ መሃል ስድስቱን ኮንቬክስ ረጉላሮች ሽሌፍሊን ሳታውቀው በራሷ አገኘቻቸው።

እንዴት አገኘች የሚለው ነው ላንቺ የሚጠቅምሽ። ቆርጣ ነው። ድፎ ዳቦ ስትቆርጪ እያንዳንዱ ቁራጭ ከቀደመው ትንሽ እየሰፋ መሃል ላይ ትልቁ ጋ ይደርስና መልሶ እየጠበበ ይሄዳል፣ ቁራጮቹን በቅደም ተከተል ያየ ሰው ዳቦውን ራሱን ባያየውም ቅርጹን ያውቀዋል። የአራት ዳይሜንሽን ነገር ሲቆረጥ ቁራጩ ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ስለሆነ በካርቶን ይሠራል። እሷ የ120 ሴሉንና የ600 ሴሉን (ይሄም ከስድስቱ አንዱ ነው) ቁራጮች አንድ በአንድ አስባ በካርቶን ሠራቻቸው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፕሮፌሰር ስሃውተ የነዚሁኑ የመሃል ቁራጭ በቀመር አውጥቶ አሳትሞ ነበርና የሞዴሎቿን ፎቶ ላከችለት፣ ልክ ለልክ ገጠመ። ሰውየው እንግሊዝ ድረስ መጣ፣ አብረው ብዙ ዓመት ሠሩ። በ1910 ያሳተመችው ሥራ ደግሞ ገጾችን ወደ ውጭ እየገፉ ከረጉላር ቅርጽ ዩኒፎርሞቹን እንዴት እንደሚያወጡ የሚያሳይ ነው፣ ከላይ ለአዳማው ልጅ ያወራሁለት ዝርዝር ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ በሷ መንገድ ነው የሚወጡት። በ1914 ግሮኒንገን የክብር ዶክትሬት ሰጣት። ካርቶኖቿ እስከዛሬ አሉ።

ራሴን እያታለልኩ ነው ወይ ላልሽው መልሱ ቢላዋሽ ላይ ነው፣ ነገ ወጥ ቤት ስትገቢ ሞክሪው። አንድ ትልቅ ድንች አንስተሽ ጎኖቹ እኩል የሆነ ኪዩብ አድርጊው። ከአንድ ጥግ ጀምረሽ ወደ ትይዩው ጥግ አቅጣጫ ይዘሽ በስሱ ብትቆርጪ የመጀመሪያው ቁራጭ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ቀጥሎ ሰፋ ያለ ሦስት ማዕዘን። መሃሉ ጋ ስትደርሺ ምን እንደሚወጣ ቪዲዮ ሳታዪ ገምቺና ጻፊው፣ ከዛ ቁረጪ። ሁለቱን ጥጎች የማይነኩት ስድስት ጠርዞች አሉ፣ የስድስቱን መሃል በቢላዋ ጫፍ ምልክት አድርጊ፣ ቢላዋው በስድስቱም በኩል እንዲያልፍ። እኩል ጎን ያለው ስድስት ማዕዘን ነው የሚወጣው፣ ካሬ ብቻ ከነበረው ድንች ውስጥ። ቴሰራክቱን በተመሳሳይ መንገድ ከጥግ ብትቆርጪው መጀመሪያ ባለ አራት ገጽ ቴትራሄድሮን፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ባለ ስምንት ገጽ ኦክታሄድሮን ታገኛለሽ፣ ለምን ስምንት እንደሆነ ቴሰራክቱ ስንት ኪዩብ እንዳለው ቆጥረሽ ድረሺበትና ጻፊልኝ። ድንቹ ላይ ስድስት ጎኖቹ እኩል ካልመጡልሽ ቢላዋው አዘንብሎብሽ ነው፣ ሌላ ድንች ላጪ፣ የተበላሸውን ወጥ ውስጥ ክተቺው።